የአሮጌ ሞተር ሳይክል መብራት ለምን ይፈዛል? እንዴትስ ይሻሻላል?

ከወላይታ ሶዶ ተነስቶ በሁምቦ በኩል ወደ አርባ ምንጭ የሚወርደው መንገድ ምዕራብ ዓባያን አቋርጦ ያልፋል። በአንዱ ወገን የጋሞ ደጋ፣ በሌላው ወገን የዓባያ ሐይቅ ይታያል። በዚህ መንገድ ከመሸ በኋላ የተጓዘ ሰው የሚገጥመውን ያውቀዋል፤ ከግጦሽ የሚመለስ ከብት፣ መብራት የሌለው የሙዝ ጋሪ፣ በመንገድ ዳር ተከታትለው የሚሄዱ ልጆች። ከዋናው መንገድ ወጥተው ወደ ቀበሌዎቹ የሚገቡት መንገዶች ደግሞ ጎርፍ የቦረቦራቸውና ጠጠር የበዛባቸው ናቸው። በነዚህ መንገዶች ላይ የጤና ባለሙያው፣ የግብርና ሠራተኛው፣ የትምህርት ቤት ሱፐርቫይዘሩ፣ አንዳንዴም መምህሩ በሞተር ሳይክል ይመላለሳል። ሞተሩ ከአሽከርካሪው ዕድሜ የሚበልጥ የሆነበት ጊዜም አለ።

ነገሩን በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሞተር ሳይክል በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል። የፊት መብራቱ 20 ሜትር ብቻ የሚያሳይ ከሆነ፣ አሽከርካሪው ከፊቱ የቆመውን ጥጃ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት የሚቀረው 6 ሜትር ብቻ ነው። በጠጠር መንገድ ላይ በ6 ሜትር የሚቆም ሞተር ሳይክል የለም። ስለዚህ ፈዛዛ መብራት ለባለንብረቱ የኪስ ጉዳይ ብቻ ሳይሆን ለመንገደኛውም የሕይወት ጉዳይ ነው ማለት ነው።

መብራቱ ሲፈዝ አብዛኛው ሰው የሚለው አንድ ነው፤ «ባትሪው ሞቷል፣ ሌላ ይገዛ»። ባትሪው ይገዛል። ጥቂት ወራት ይቆይና ያው በሽታ ተመልሶ ይመጣል። ምን ይደረግ፣ ዕቃው አሮጌ ነው ተብሎ ይታለፋል። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንወደው፣ ባትሪ ጎተራ እንጂ ማሳ አለመሆኑን ነው። ማሳው የማይሰጥ ከሆነ ጎተራ ቢለዋወጥ እህል አይገኝም። መታየት ያለበት የሚመነጨውና የሚወጣው ኃይል ሂሳብ ነው።

1ኛ/ ኤሌክትሪኩ ከየት ይመጣል?

እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዴይ በ1831 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ በተጠቀለለ ሽቦ አጠገብ ማግኔት ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። በወላይታና በዳውሮ መካከል በኦሞ ወንዝ ላይ ተሠርቶ በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው፣ 1,870 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጊቤ 3 ግድብ የሚሠራው በዚሁ ሕግ ነው። አሮጌው ሞተር ሳይክልም እንዲሁ። የልኩ ነገር ነው እንጂ ሕጉ አንድ ነው።

በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) እንደተሠሩት እንደ ያማሃ ዲ.ቲ. 125 ባሉ ቀላል ሞተር ሳይክሎች ላይ፣ በሞተሩ ዋና ዘንግ ጫፍ ቮላኖ የሚባለው ከባድ ጎማ መሰል ብረት ተገጥሟል። በቮላኖው ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ማግኔቶች አሉ። በመካከሉ ደግሞ የማይሽከረከር ሰሌዳ ላይ የሽቦ ጥቅሎች ታስረዋል። አንዱ ጥቅል ለካንዴላው እሳት የሚሆነውን ይሰጣል፤ ሌላው ለመብራትና ለባትሪ ነው። ሞተሩ ሲሽከረከር ማግኔቶቹ ጥቅሎቹን እየዞሩ ያልፋሉ፤ ኤሌክትሪክ ይመነጫል።

ከዚህ ላይ ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባል።

ሀ) ኤሌክትሪኩ የሚመነጨው እንደ ሞተሩ ፍጥነት ነው። ሞተሩ በሚኒሞ ሲሠራ፣ ወይም ጭቃ ውስጥ ቀስ እያለ ሲሄድ መብራቱ ይወርዳል። ጋዝ ሲሰጠው ይወጣል። ያውም መብራት በጣም በሚያስፈልግበት ቦታ ላይ ነው የሚፈዘው።

ለ) ከጥቅሉ የሚወጣው ከረንት ወዲያና ወዲህ የሚመላለስ ነው። ባትሪ ደግሞ የሚሞላው ባንድ አቅጣጫ በሚሄድ ከረንት ብቻ ነው። ስለዚህ መካከል ላይ ሬክቲፋየር ይገባል። በአሮጌዎቹ ሞተሮች ላይ ይህ ሬክቲፋየር አንድ በር እንዳለው ቤት ነው፤ ከረንቱ ወዲያ ሲሄድ ያሳልፈዋል፣ ወዲህ ሲመለስ ይዘጋበታል። ስለዚህ ግማሹ ለባትሪው ሳይደርስ ይቀራል።

ሐ) በብዙዎቹ ላይ ረጉሌተር የሚባለው ልክ አስያዥ የለም። ቮልቴጁን ወደ ታች ስቦ የሚይዘው ራሱ የፊት አምፑሉ ነው። ለዚህ ነው የፊት አምፑል ሌሊት ሲቃጠል ወዲያው የኋላውም ተከትሎ የሚቃጠለው። በትልቁ አምፑል ይወጣ የነበረው ኃይል በትንሹ ላይ ይወርድበታል። ብዙ ሰው ይህን «የአምፑል ጥራት» ነው ይላል፤ አይደለም።

2ኛ/ ስድስት ቮልት ምን አደረገ?

ውድ አንባብያን፣ በፊዚክስ ክፍል የተማርነውን እናስታውስ። ኃይል በዋት ማለት ቮልት በአምፔር ሲባዛ ነው። 30 ዋት አምፑል በ6 ቮልት ሲበራ 5 አምፔር ይፈልጋል። በ12 ቮልት ሲበራ ግን 2.5 አምፔር ይበቃዋል።

አሁን ሽቦውን እንመልከት። ሠላሳና አርባ ዓመት ዝናብና አቧራ የበላው ሽቦ፣ የዛገ ማያያዣ፣ የላላ የማሳ ግንኙነት (ማሳ ማለት ከሞተሩ አካል ጋር የሚታሰረው ወገን ነው) ሁሉ ተደምሮ 0.2 ኦም ያህል ሬዚስታንስ አለው እንበል። ለዓይን የማይሞላ ቁጥር ነው። ነገር ግን፦

በ6 ቮልት፦ 5 አምፔር × 0.2 ኦም = 1 ቮልት በመንገድ ይቀራል። አምፑሉ የሚያገኘው 5 ቮልት ብቻ ነው። በሽቦው ላይ የሚባክነው ኃይል 5 ዋት ይሆናል።

በ12 ቮልት፦ 2.5 አምፔር × 0.2 ኦም = 0.5 ቮልት በመንገድ ይቀራል። አምፑሉ 11.5 ቮልት ያገኛል። የሚባክነው 1.25 ዋት፣ ማለትም የመጀመሪያው ሩብ ነው።

ይህ ግምታዊ ሂሳብ ነው፤ ቢሆንም የነገሩን መንገድ ያሳያል። የክር አምፑል ብርሃን ደግሞ ከቮልቴጁ ይበልጥ በፍጥነት ይወርዳል። ከስድስቱ ቮልት አንዱ ሲጎድል የአምፑሉ ብርሃን በአንድ ስድስተኛ ሳይሆን ወደ ግማሽ ገደማ ያሽቆለቁላል። እንግዲህ የፈዛዛው መብራት ምስጢር ይህ ነው።

ፋብሪካዎቹም ይህን አይተው ነው መንገዳቸውን የቀየሩት። በአገራችን በደንብ የምናውቃት ቮልስ ዋገን ከ1967 ሞዴል (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ6 ወደ 12 ቮልት መሻገር ጀመረች። የምሥራቅ ጀርመኑ ኤም.ዜድ. ሞተር ሳይክልም በ6 ቮልት ዲናሞ ሲሠራ ቆይቶ፣ በ1981 እ.ኤ.አ. በወጣው ኢ.ቲ.ዜድ. 250 ላይ ባለ 12 ቮልት ኦልተርኔተር ተገጠመለት።

3ኛ/ ከመግዛት በፊት መለካት

«መጥኖ መደቆስ» የሚባለው ለወጥ ብቻ አይደለም። ገበያ ከመውጣት በፊት ቴስተር ይዞ ሞተሩ አጠገብ መቀመጥ ያስፈልጋል። ቅደም ተከተሉ እንደሚከተለው ነው።

ሞተሩ ሳይነሳ የባትሪውን ቮልቴጅ መለካት። በደንብ የተሞላና ያረፈ ባለ 6 ቮልት ባትሪ ወደ 6.3 ቮልት ያሳያል፤ ባለ 12 ቮልቱ ወደ 12.6። ቀጥሎ ሞተሩን አስነስቶ መካከለኛ ጋዝ መስጠት። ባለ 6 ቮልቱ ላይ ቁጥሩ ወደ 7 ቮልት ገደማ ከወጣ ኃይል እየገባ ነው። ካልተነቃነቀ ጥቅሉ፣ ሽቦው ወይም ሬክቲፋየሩ ታሟል። ከመጠን በላይ ከወጣ ደግሞ ባትሪው እየተቀቀለ ነው።

ከዚያ ማያያዣዎቹን አንድ በአንድ ነቅሎ መጥረግ፣ የማሳውን ብሎን ፈትቶ ከሥሩ ያለውን ቀለምና ዝገት እስከ ንጹሕ ብረት ፍቆ መልሶ ማጥበቅ ይገባል። ይህ ሥራ ከብርጭቆ ወረቀትና ከትዕግሥት በስተቀር ወጪ የለውም። መብራቱ በዚህ ብቻ የሚድንበት ጊዜ ብዙ ነው። ከዳነ፣ በቃ፤ ሌላ ወጪ አያስፈልግም።

4ኛ/ ወደ 12 ቮልት ማሻገር

ማጽዳቱ ካልበቃና ሞተሩ ለሌሊት ሥራ የሚፈለግ ከሆነ ወደ 12 ቮልት ማሻገር ይቻላል። «ጥቅሉ የተሠራው ለ6 ቮልት አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄ ይነሳ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። የማግኔት ጥቅል 6 ቮልት ላይ የሚቆየው አምፑሉና ባትሪው ወደ ታች ስለሚይዙት እንጂ ሞተሩ በደንብ ሲሽከረከር ከዚያ በላይ መውጣት ይችላል። ሌላም ጠባይ አለው። ፍጥነቱ ከፍ ሲል የሚሰጠው ከረንት ብዙም አይጨምርም። 3 አምፔር የሚሰጥ ጥቅል በ6 ቮልት ሲሠራ 18 ዋት፣ በ12 ቮልት ሲሠራ እስከ 36 ዋት ሊሰጥ ይችላል። ዋጋው ግን አለ፤ 12 ቮልት ለመድረስ ሞተሩ ፈጠን ብሎ መሽከርከር አለበት። በሚኒሞ ላይ የሚሸፍነው ባትሪው ነው።

ሥራው በአምስት ደረጃ ይከፈላል።

አንደኛ፣ ጥቅሉን ከማሳ ማላቀቅ። የመብራቱ ጥቅል አንደኛው ጫፍ ብዙ ጊዜ በሰሌዳው ላይ በእርሳስ ተበይዷል። ይህን ጫፍ አንስቶ፣ ሙቀት በሚችል የተሸፈነ ሽቦ ቀጥሎ ወደ ውጭ ማውጣት ያስፈልጋል። ለካንዴላው የሚሠራውን ጥቅል ግን መንካት አይገባም። ቮላኖው የሚወጣው በራሱ ማውጫ ነው፤ በመዶሻ የመታው ሰው ማግኔቱን ሊሰነጥቀው ወይም ዘንጉን ሊያጎብጠው ይችላል። ሰሌዳው ከመፈታቱ በፊትም የነበረበትን ቦታ በምልክት ማስቀመጥ አለብን፤ አለዚያ የእሳቱ ሰዓት ይዛባል።

ሁለተኛ፣ ባለ 12 ቮልት ሬክቲፋየርና ረጉሌተር በአንድ ላይ የያዘ ዕቃ መግጠም። የከረንቱን ሁለቱንም ወገን የሚያሳልፍ መሆን አለበት። በገበያ ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንዱ የጥቅሉ አንድ ጫፍ ከማሳ ጋር እንዲሆን ይፈልጋል፣ ሌላው ሁለቱም ጫፎች ነፃ እንዲሆኑ ይፈልጋል። ጥቅሉን ካላቀቅን የሚያስፈልገን ሁለተኛው ነው። በመልክ ስለሚመሳሰሉ ሻጩን መጠየቅ ያሻል። ዕቃው ስለሚግል ነፋስ በሚያገኘው የብረት አካል ላይ ይታሰር፤ ከመቀመጫ ሥር በላስቲክ መጠቅለል ማቃጠል ነው።

ሦስተኛ፣ ኃይል የሚበላውን ዕቃ ሁሉ መለወጥ። የፊትና የኋላ አምፑል፣ ፍሬቻና የፍሬቻው ማብለጭለጫ፣ ክላክስ፣ በቆጣሪው ውስጥ ያሉ ትንንሽ አምፑሎች ሁሉ ባለ 12 ቮልት መሆን አለባቸው። የተረሳች አንዲት ባለ 6 አምፑል ቁልፉ በተከፈተ ቅጽበት ትቃጠላለች። የካንዴላውን እሳት ከባትሪ የሚያገኝ ሞተር ከሆነ ቦቢናውም ይለወጣል። እሳቱን በቀጥታ ከማግኔቱ የሚያገኝ ከሆነ ግን ቦቢናው አይነካም፤ እንዲህ ያለው ሞተር ያለ ባትሪም በእግር ምት ይነሳል።

አራተኛ፣ ባትሪውና ፊውዙ። 4 ወይም 5 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ይበቃል። በሳጥኑ ውስጥ እንዳይንገጫገጭ በላስቲክ ይታሰር። ከፖዘቲቩ ወገን፣ ለባትሪው ቅርብ በሆነ ቦታ ላይ 10 አምፔር ፊውዝ ይግባ። በፊውዝ ፋንታ የሲጋራ ወረቀት ወይም የሽቦ ቁራጭ ማስገባት የተለመደ ነው። ይህ ዘብ አባርሮ በር ክፍት አድርጎ እንደ መተኛት ነው።

አምስተኛ፣ መልሶ መለካት። ሞተሩ መካከለኛ ጋዝ ይዞ ሲሠራ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መታየት አለበት። ከ15 በላይ ከሆነ ረጉሌተሩ ሥራውን እየሠራ አይደለም፤ በዚያ ሁኔታ መንዳት ባትሪ መግደል ነው።

5ኛ/ ወጪን መቀነስም ገቢ ነው

አሁን የሂሳቡን ሌላ ወገን እንይ። ጥቅላችን በመካከለኛ ፍጥነት 35 ዋት ይሰጣል እንበል። የፊት አምፑል 30 ዋት፣ የኋላ መብራት 5፣ የቆጣሪ አምፑሎች 3 ዋት ቢበሉ ድምሩ 38 ይሆናል። ገና ፍሬን ሳይያዝ፣ ፍሬቻ ሳይበራ በ3 ዋት ዕዳ ውስጥ ገብተናል። ዕዳውን የሚከፍለው ባትሪው ነው። እንዲህ ያለውን ሞተር ይዞ ከብርብር እስከ አርባ ምንጭ በሌሊት የሚሄድ ሰው፣ ሳያውቀው ጎተራውን እያራገፈ ነው የሚጓዘው።

በፊት በኩል 10 ዋት የሚበላ የኤል.ኢ.ዲ. አምፑል፣ ከኋላና በቆጣሪው 1 1 ዋት የሚበሉ ቢገቡ ግን ድምሩ 12 ዋት ነው። 23 ዋት ይተርፋል፤ ይህም በ14 ቮልት 1.6 አምፔር ያህል ማለት ነው። ባትሪው ይሞላል፤ ሲሞላ ረጉሌተሩ ይገታዋል።

ሆኖም ኤል.ኢ.ዲ. ሁሉ አንድ አይደለም። ብርሃኑን ወደ ላይ የሚበትን ርካሽ ዓይነት ለራስ የሚያበራ ቢመስልም የሚመጣውን ሰው ዓይን ያሳውራል። ገጥሞ ግድግዳ ፊት በማቆም፣ ዝቅተኛው ብርሃን በላይኛው ጠርዙ ጥርት ያለ መቁረጫ መስመር እንዳለው ማየት ይገባል። መስመር ከሌለው ለመንገድ አይሆንም።

6ኛ/ በቆላ ባትሪ እንዴት ይያዛል?

የዓባያ ዳርቻ ሙቀት ለሙዝ የተመቸ ነው፣ ለባትሪ ግን አይደለም። የእርሳስና አሲድ ባትሪ ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው ወደ ግማሽ ገደማ እንደሚያጥር ይገመታል። ስለዚህ ሞተሩን ከጥላ ሥር ማቆም ቅንጦት አይደለም። የሚከፈት ባትሪ ከሆነ የውሃው ልክ በየሳምንቱ ይታይ። ሲጎድል የሚጨመረው የተጣራ ውሃ ብቻ ነው። የወንዝ፣ የምንጭም ሆነ የቧንቧ ውሃ ለዓይን ንጹሕ ቢመስልም በውስጡ የሟሟ ማዕድን ስላለ ሰሌዳዎቹን ያበላሻል።

ባትሪ ሲሞላ ሃይድሮጅን ጋዝ ያወጣል፤ አጠገቡ ሲጋራም ክብሪትም አይቅረብ። አሲድ ቆዳ ላይ ቢፈስ ቶሎ በብዙ ውሃ መታጠብ ነው። ዓይን ውስጥ ከገባ ደግሞ በውሃ እያጠቡ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ያስፈልጋል። ያረጀውን ባትሪ አሲዱን ጎርፍ መውረጃ ውስጥ ገልብጦ መጣል ነውር ብቻ ሳይሆን ጉዳት ነው። እርሳስ መርዝ ነው፤ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ ይጎዳል። ከጋሞ ደጋ የሚወርደው ጎርፍ መጨረሻው ዓባያ መሆኑን መዘንጋት የለብንም። አሮጌ ባትሪ ለሚሰበስቡ ሰዎች ሳይከፈት መስጠት የተሻለ ነው።

7ኛ/ ለመምህሩ ምን ይጠቅመዋል?

«እኛ ልናስተምር ነው የምንማረው፣ መካኒክ ልንሆን አይደለም» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ነገ የሚመደብበት ትምህርት ቤት ላቦራቶሪ ላይኖረው ይችላል። የቮልትንና የአምፔርን ትምህርት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ብቻ የተማረ ልጅ ቀመሩን ይሸመድዳል፣ ነገሩን ግን አያየውም። አንድ አሮጌ የቢስክሌት ዲናሞ (ብዙውን ጊዜ 6 ቮልት 3 ዋት ነው)፣ አንድ አምፑልና ሁለት ዓይነት ሽቦ ካለ ግን ትምህርቱ ሕይወት ያገኛል። ዲናሞውን በእጅ ቀስ አድርጎ ማሽከርከር፣ ከዚያ ማፍጠን፤ ልጆቹ ብርሃኑ ሲወጣና ሲወርድ ያያሉ። ቀጥሎ በአጭርና ወፍራም ሽቦ፣ ከዚያ በረጅምና ቀጭን ሽቦ ማያያዝ፤ ቮልቴጅ በመንገድ የሚቀር መሆኑን ያለ ብዙ ንግግር ይረዳሉ። በመጨረሻ ማያያዣውን ሆን ብሎ በዛገ ሚስማር መለወጥ። «መብራቱ ለምን ፈዘዘ?» ተብሎ ሲጠየቅ ማሳውን የሚጠቁም ተማሪ ከተገኘ ትምህርቱ ገብቶታል ማለት ነው።

በመጨረሻም ልናሳስብ የምንወደው ይህን ነው። ወደ 12 ቮልት የማሻገሩ ሥራ በአንድ ቅዳሜ የሚያልቅ ቢሆንም የመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ልምድ ያለው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አጠገብ ሆኖ ማየት ይሻላል። ማንኛውም ዕቃ ከመገዛቱ በፊት ሦስት ቁጥሮች በወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ባትሪው ሞተሩ ጠፍቶ ስንት ቮልት አለው? ሞተሩ ሲሠራስ? በሞተሩ ላይ ያሉ አምፑሎች ዋት ሲደመርስ ስንት ነው? ይህን ወረቀት ይዞ ገበያ የሚወጣ ሰው የሚያስፈልገውን ብቻ ገዝቶ ይመለሳል።